ክርን ላይ ትር ትር የሚል «ደም መልስ»

ጠያቂ፦ ፍኖተ ሰላም አካባቢ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ዛሬ ለአንድ አባት ግሉኮስ ልሰካ ጎማ አሰርኩ። ክርናቸው ላይ፣ ከቆዳው ሥር ጎልቶ የታየኝን ስዳስሰው ትር ትር ይላል! መርፌዬን መለስኩ። ምንድን ነው?

መልስ 1፦ እሰይ! ደም መልስ ሳይሆን አልናር አርተሪ (በትንሿ ጣት በኩል ወደ እጅ የሚወርድ፣ ትር ትር የሚል ደም ቅዳ) ይመስለኛል። ብራኪያል አርተሪ (የክንዱ ዋና ደም ቅዳ) አብዛኛው ሰው ላይ ክርን ጋ ሲደርስ ራዲያል (በአውራ ጣት በኩል የሚወርደው) እና አልናር ተብሎ ይከፈላል። አንዳንዱ ላይ ግን ገና ክንዱ ላይ፣ ወደ ብብት ተጠግቶ ይከፈላል። ያኔ አልናሩ ጡንቻ ሥር መግባቱን ትቶ በቆዳ ሥር ሊሄድ ይችላል። መድኃኒት ከገባበት ጣት እስከማስቆረጥ ያደርሳል።

መልስ 2፦ እህቴ፣ ጎማው ሳይታሰር ዳብሺ። ጠብቆ ከታሰረ ምቱ ይጠፋል። ካርዳቸው ላይም ጻፊላቸው።

ጠያቂ፦ ጽፌያለሁ። በግራ እጃቸው ሰካሁላቸው፤ እሱ ደህና ነው።