ከሽንኩርት መረብ ጆንያ የሠራሁት ዕቃ ማጠቢያ ቆብ ሆነብኝ

ጥያቄ፦ ጀማሪዋ
ሽንኩርት የሚመጣበትን ቀይ መረብ ጆንያ ቆርጬ ክብ ዕቃ ማጠቢያ በኪሮሽ እየሠራሁ ነው። ባለ 4 ሚሊ ሜትሩ ኪሮሽ መረቡ ውስጥ እየተሰነቀረ አያልፍም። ጠፍጣፋ መሆን የሚገባው እንደ ቆብ ይጎደጉዳል። ያለቀው ደግሞ በሦስተኛው ቀን ሸተተ። ምን ላስተካክል?

ባለኪሮሽ
4 ሚሊ ለሹራብ ክር ነው፤ ለመረብ 8 ያዢ፣ ከጠፋ 7። እጅሽንም አላሊ፤ መረብ እንደ ሱፍ ክር አይለጠጥም፣ ቀለበቱ አንዴ ከጠበቀ ጠበቀ ነው።

አቆራረጡም ወሳኝ ነው። የጆንያውን አፍና የተሰፋውን ታች ቆርጠሽ ጣይ። የቀረውን እንደ እጅጌ ክፍት አድርገሽ፣ ከአንዱ ጫፍ ጀምረሽ በ3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ዙሪያውን እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሳታቋርጪ ቁረጪ። ከ2 ሳንቲ ካነሰ ሲሳብ ይበጠሳል፤ ከ4 ካለፈ ለኪሮሹ ይወፍራል። መቀጠል ሲያስፈልግ አትቋጥሪ፣ ቋጠሮው እጅ ይቆረቁራል። ጫፎቹን 10 ሳንቲ ያህል ደራርበሽ ሁለቱን አንድ ላይ ሥሪያቸው። ማዳበሪያ ጆንያ ግን አይሞከርም፤ ይተረተርና ቁርጥራጩ ድስት ውስጥ ይቀራል።

ቆጣሪዋ
ቆብ የሆነው በየዙሩ የጨመርሽው ስላነሰ ነው። በአጭሩ ስፌት (ሁለት ቀለበት ይዞ በአንዴ የሚያልፈው) መነሻው 6 ነው። 2ኛው ዙር በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት፣ 12። 3ኛው አንዱ ላይ አንድ ቀጣዩ ላይ ሁለት፣ 18። ከዚያ 24፣ ከዚያ 30፤ ሁሌም 6 ይጨመራል። ጠርዙ ከተርገበገበ ደግሞ አብዝተሻል ማለት ነው። በረጅሙ ስፌት (ክሩን አስቀድሞ ኪሮሹ ላይ ጠምጥሞ የሚሠራው) ከሆነ መነሻውም ጭማሪውም 12 ነው።

መረብ ላይ ስፌት በዓይን አይለይም፤ በጣት እየዳሰስሽ ቁጠሪ። የዙሩ መጀመሪያ ላይ ሌላ ቀለም ክር እሰሪ፣ አለዚያ ትጠፊያለሽ።

ጀማሪዋ
አመሰግናለሁ። ውስጡን ጨርቅ ሞልቼ በሁለት ገጽ ዘግቼው ነበር፤ ሽታው ከዚያ ይሆን?

የድስት ወዳጅ
አዎ፣ እሱ ነው። መረብ ውሃ አይመጥም፤ ጨርቁ ግን እርጥብ ሆኖ ይከርማል፣ የገባውም ምግብ አይወጣም። ነጠላ አድርጊው፤ መጨረሻ ላይ 8 ሰንሰለት ሠርተሽ ማንጠልጠያ አውጪለትና አጥበሽ ስቀዪው። አትቀቅዪው፣ ፕላስቲኩ ቅርጹን ያጣል። በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ በረኪና አድርገሽ 10 ደቂቃ ዘፍዝፈሽ በደንብ አለቅልቂው። አቼቶም ሎሚም አትጨምሪበት፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ከምድጃ የወረደ ድስት ላይ ወዲያው አይታሽም፣ ይቀልጣል። ያረረ ሽሮ ከሆነ መጀመሪያ ዘፍዝፊው። ለቴፍሎን መጥበሻ ይሄን ተዪው፤ በሹራብ ክር ሌላ ሥሪ፣ ለዚያ 4 ሚሊሽ ይበቃል።

ጀማሪዋ
አንዱ ጆንያ ጎኑም የተሰፋ ነው፤ ዙሪያውን እንዴት ልቁረጥ?

ባለኪሮሽ
ስፌቱን ፍቺና ዘርጊው። ከግራ ወደ ቀኝ ቆርጠሽ ጠርዝ ሊደርስ 3 ሳንቲ ሲቀረው አቁሚ፣ ቀጣዩን ከቀኝ ወደ ግራ እንዲሁ። ጥብጣቡ አይቋረጥም፤ መታጠፊያው ላይ ሾሎ የሚወጣውን ጥግ ብቻ በመቀስ ክብ አድርጊው።