ቢርካት ኮሃኒም (የካህናት በረከት)፦ ኮሄኑ (ከአሮን ዘር የሆነው ካህን) አንድ ብቻ ሲሆን ሥርዓቱ እንዴት ነው?

ጋባይ (የጸሎት ቤት አስተባባሪ) ከአሽቀሎን፦ ሰላም ለሁላችሁ። አነስተኛ ቤት ክኔሴት (ምኩራብ) ነው ያለን፤ የምንጸልየው በዔዶት ሚዝራሕ (የምሥራቅ አይሁድ) ሲዱር፣ ማለትም የጸሎት መጽሐፍ ነው። ሻሐሪት (የጠዋት ጸሎት) ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኮሄን አንድ ነው፤ ሌዊ (ከሌዊ ነገድ የሆነ ሰው) የለንም። ሐዛኑ (ጸሎት መሪው) "ኮሃኒም" ብሎ ይጥራ? እጁን ማን ያስታጥበው? ዘግይቶ ቢደርስስ? አዛውንቶቻችን በሄኻሉ (የቶራ ጥቅልሎች ማስቀመጫው) ግድግዳ በኩል ስለሚቀመጡ ከኮሄኑ ጀርባ ይሆናሉ። ደግሞ አንድ የቄስ (የቤተ እስራኤል የሃይማኖት መሪ) ልጅ "እኔም ለመባረክ ልውጣ" ይላል፤ ምን እንበለው?

የረሖቮቱ፦ አንድ ብቻ ከሆነ አይጠራም። "ኮሃኒም" የሚባለው ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ነው። ብቸኛው ኮሄን ሐዛኑ የሞዲምን (የጸሎቱን የምስጋና ክፍል) በረከት ሲጨርስ ራሱ በቀኝ በኩል ዞሮ ፊቱን ወደ ሕዝቡ ያደርጋል፤ "አሼር ኪድሻኑ ቢቅዱሻቶ ሼል አሃሮን" የሚለውን በረከት ይባርካል፤ ሕዝቡ አሜን ይላል። አሜኑ ሳያልቅ አይቀጥልም።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የመጀመሪያው ቃል ላይ ነው። በሹልሓን ዓሩኽ (የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ) መሠረት የበረከቱን የመጀመሪያ ቃል "የቫሬኽኻ"ን ኮሄኑ ራሱ ይጀምራል፤ ሐዛኑ ቃል በቃል እየቀደመ የሚያስብለው ከሁለተኛው ቃል አንሥቶ ነው። አሽከናዚዎች (የአውሮፓ አይሁድ ወግ ተከታዮች) ግን የመጀመሪያውንም ያስብላሉ። እንግዳ ሐዛን ሲቆም ሁለቱ አብረው ይናገሩና ይደናገራሉ፤ ስለዚህ ከጸሎቱ በፊት ንገሩት። ቃላቱ በሦስቱ የበረከቱ ቁጥሮች በቅደም ተከተል 3፣ 5 እና 7 ናቸው፤ አሜን የሚባለው በየቁጥሩ መጨረሻ ብቻ ነው።

ሌዊ ነኝ፦ ሌዊ ከሌለ ለእናቱ በኩር የሆነ ሰው ያስታጥበዋል፤ እሱም ካልተገኘ ኮሄኑ ራሱ ይታጠባል። ጠዋት ቢታጠብም እንደገና ነው፣ እስከ አንጓው ድረስ። ውሃው ቢያንስ ረቪዒት፣ በተለመደው ስፍር 86 ሚሊ ሊትር ይሁን፤ ሞልቶ የሚፈስ ማንቆርቆሪያ ግን ይሻላል።

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ ጫማ ማውለቅ መጀመሪያ፣ መታጠብ ቀጥሎ። ታጥቦ ጫማውን ከነካ ድጋሚ መታጠብ አለበት። ካልሲ አይከለከልም። ባዶ ጫማው በየመንገዱ እንዳይታይ ከወንበር ሥር ይግባ። ጫማ ማውለቁን የደነገጉት የጥንቱ ሊቅ ረባን ዮሐናን ቤን ዛካይ ናቸው፤ ማሰሪያው ተበጥሶ ኮሄኑ ሊያስር ቢቀመጥ፣ ሰው "ብቁ ስላልሆነ ነው ያልባረከው" እንዳይለው።

የረሖቮቱ፦ ስለ መዘግየት፦ ወሳኙ ረጼ (ከሞዲም በፊት ያለው የጸሎቱ ክፍል) ነው። ሐዛኑ የረጼን በረከት ሳይጨርስ ኮሄኑ ወደ መባረኪያው ቦታ ለመውጣት እግሩን ካነሣ፣ ቦታው የደረሰው ዘግይቶ ቢሆንም ይወጣል። ረጼ እስኪያልቅ ካልተንቀሳቀሰ ግን በዚያ ጸሎት አይወጣም። እናንተ ጋ መታጠቢያው ውጭ ከሆነ በሐዛኑ ቅዱሻ (ከረጼ በፊት ያለው የቅድስና ክፍል) ላይ ምልክት ስጡት። አለዚያ ውሃ ሲጠብቅ ያልፈዋል።

ጋባይ ከአሽቀሎን፦ እግዜር ይስጥልኝ። ኮሄኑ ደክሞት ለመባረክ መውጣት ካልፈለገስ?

ሌዊ ነኝ፦ ረጼ ሳይጀመር ከአዳራሹ ይውጣ፤ ቢርካት ኮሃኒም ሲያልቅ ይመለስ። ውስጥ ተቀምጦ "ለመባረክ ውጣ" ተብሎ እምቢ ማለት ከባድ ነው፤ ታልሙድ ሦስት ትእዛዛት እንደጣሰ ይቆጥርበታል። ወይን የጠጣም ረቪዒት ከደረሰ ለመባረክ አይወጣም። ከጾም ቀን በስተቀር ሚንሓ (የከሰዓት ጸሎት) ላይ የማይባረከውም በዚሁ የስካር ስጋት ነው።

አስቴር ከነታንያ፦ የአዛውንቶቹ ነገር ችላ አይባል። ከኮሄኑ ጀርባ የሚቆም በበረከቱ ውስጥ አይደለም፤ ፊት ለፊትና ጎን ግን ይገባሉ። ሥራ ይዞት እርሻ ላይ የቀረ ሰው እንኳ ይቆጠርለታል፤ አዳራሽ ውስጥ ሆኖ ጀርባ የሚቆም ግን አይቆጠርለትም። መንቀሳቀስ ለሚችሉት ረጼ ላይ ወደ ፊት ቦታ ልቀቁላቸው። ለደከሙት ከጸሎቱ መጀመሪያ ወንበራቸውን ከሄኻሉ ጎን አድርጉት፤ ኮሄኑ ከሚቆምበት መስመር ወደ ኋላ እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቁ። በሴቶች በኩል ያለው መጋረጃ አይከለክልም።

ፊት ወደ ኮሄኑ ይሁን፣ ዓይን ግን ዝቅ ይበል። ልጆችን አባታቸው ታሊቱ (የጸሎት ልብሱ) ሥር ያስገባቸው።

የረሖቮቱ፦ ስለ ቄስ ልጅ፦ ወጣቱን በአክብሮት አስረዱት። ቄስነት በትምህርትና በሹመት የሚገኝ ማዕረግ ነው፤ ለዚህ ሥርዓት የሚፈለገው ደግሞ በአባት ወገን ከአሮን የሚወርድ ዘር ነው። አባቱ ቄስ ስለሆኑ ብቻ አይወጣም። ቤተሰቡ የአሮን ዘር ነን የሚል የራሱ ትውፊት ካለው፣ ነገሩን ለከተማው ረቢ አቅርቡ እንጂ እናንተ አትፍረዱ። ሕዝብ ፊትም አትከራከሩት።

አስቴር ከነታንያ፦ ኮሄን ጭራሽ ካልመጣ ሐዛኑ ራሱ "ኤሎሄኑ ቬሎሄ አቮቴኑ፣ ባርኼኑ" ብሎ ቁጥሮቹን ያነባል። ያን ጊዜ መልሱ አሜን አይደለም፤ በየቁጥሩ "ኬን የሂ ራፆን" (ፈቃዱ ይሁን) በሉ።