በጡረታ ዘመን በቤት ውስጥ በዲጂታል የሚታዘዝ የባቡር ሞዴል መሥራት፦ ከምን ልጀምር?

ጥያቄ፦ ጡረተኛው፣ ከአዳማ

የተከበራችሁ ወገኖች፣ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ከተገለልኩ ወዲህ ለዓመታት ሳስበው የኖርኩትን ነገር ለመጀመር ወስኛለሁ፤ ይኸውም የድሮውን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ምድር ባቡር፣ በተለይም የያኔውን የናዝሬት ጣቢያና ግቢውን፣ በአነስተኛ ሞዴል ቤቴ ውስጥ መሥራት ነው። ልጆቼ ራሳቸውን ችለው ስለወጡ 3 ሜትር ከ60 በ2 ሜትር ከ40 የሆነ አንድ ክፍል ባዶ አለኝ። ውጭ አገር የሚኖረው ልጄ ዕቃውን ሊያመጣልኝ ፈቃደኛ ነው፤ ነገር ግን ምን ግዛ ብዬ እንደምነግረው አላወቅሁም።

ዓይኔ ያለ መነጽር ጥቃቅን ነገር ስለማይለይ የትኛው መጠን ይሻለኛል? ሁለት ባቡሮችን በአንድ ሐዲድ ላይ ለየብቻ ማዘዝ የሚቻለው በዲጂታል ዘዴ መሆኑን አንብቤአለሁ፤ ሆኖም ሙያዬ ሒሳብ እንጂ ኤሌክትሪክ ስላልነበረ ከአቅሜ በላይ እንዳይሆንብኝ እሰጋለሁ። የአዳማን አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ መብራትም ይቋረጣል።

መልስ፦ የሐዲድ ወዳጅ፣ አዲስ አበባ

ጋሼ፣ ምርጫው የሚጀምረው ከክፍልዎ ስፋት ሳይሆን ከሚወዱት ባቡር ነው። የድሮው መስመር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ሲሆን፣ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ግን 1435 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ልዩነት በሞዴል ሥራ ውስጥ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ኤችዜሮ በሚባለው በ1፡87 መጠን፣ 1435 ለ87 ሲካፈል 16.5 ሚሊ ሜትር ይሰጣል፤ በዓለም ገበያ በብዛት የሚሸጠው ሐዲድም ይኸው ነው። አንድ ሜትሩ ግን ለ87 ሲካፈል 11.5 ገደማ ስለሚሆን፣ ኤችዜሮኤም የሚባለው ዘርፍ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይጠቀማል። ስለዚህ ልጅዎ ከሱቅ ገብቶ ተራውን የጀማሪ ሳጥን ቢያነሣ የሚያመጣልዎት ባለ 16.5 ነው፤ በእርሱ ላይ የድሮውን ናዝሬት ቢሠሩ፣ መስመሩን የሚያውቅ ሰው ገና ሲያየው ሐዲዱ ይሰፋበታል።

ችግሩ ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ ውድ መሆኑ ነው። የአንድ ሜትር ስፋት ያላቸው መስመሮች በስዊዘርላንድ ስለሚበዙ እንደ ቤሞ ያሉ ኩባንያዎች በዋናነት የሚሠሩት የዚያን አገር ባቡሮች ነው። እኔ የምመክረው መንገድ ሌላ ነው፦ ቲቲ የሚባለው የ1፡120 መጠንም ሐዲዱ 12 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ከታች የቲቲን ሞተርና ጎማ ወስደው፣ ከላይ የእኛን ሎኮሞቲቭ አካል በ1፡87 ከፕላስቲክና ከካርቶን ራስዎ ይሥሩለት። የዲዝል ዘመንን ቢመርጡ ይቀልልዎታል፤ የዲዝሉ አካል በአብዛኛው ሣጥን መሰል ስለሆነ እጅ ያወጣዋል፣ የእንፋሎቱ ግን በጎማዎቹ ላይ የሚመላለሰው ዘንግ ብቻውን የሰዓት ሠሪ ትዕግሥት ይጠይቃል። ለፉርጎዎቹ ምንም አይጨነቁ።

በ1፡160 የሚሠራው ኤን መጠን ቦታ ይቆጥባል፤ 300 ሜትር የሆነ የጣቢያ ግቢ በኤን 1 ሜትር ከ90 ያህል ሲሆን በኤችዜሮ ወደ 3 ሜትር ተኩል ይደርሳል። ነገር ግን ስለ ዓይንዎ የነገሩንን ሳስብ አልመክርዎትም። የእርስዎ ረጅሙ ግድግዳ ግቢውን ለጥቂት ይችለዋል፤ ስለዚህ ጣቢያውን በረጅሙ ግድግዳ ላይ ብቻ ይዘርጉት። የአዋሽን ድልድይም ላስገባ የሚል ፈተና ይመጣብዎታል፤ እምቢ ይበሉ።

መልስ፦ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ፣ ሐዋሳ

ስለ መጠኑ የተሰጠው ምክር ጥሩ ነው፤ እኔ በዲጂታሉ ላይ ልቀጥል። በአሮጌው ዘዴ ፍጥነቱን የሚወስነው በሐዲዱ ላይ ያለው ቮልቴጅ ስለሆነ በአንድ ሐዲድ ላይ የቆሙ ባቡሮች ሁሉ አብረው ይነሣሉ። በዲጂታሉ፣ ማለትም በዲሲሲ፣ ሐዲዱ ሁልጊዜ ሙሉ ኃይል ይዞ ይቆያል፤ ትእዛዙም በዚያው ኃይል ላይ ተጭኖ ይሄዳል፤ በእያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ ውስጥ ያለው ዲኮደር የራሱን ቁጥር የያዘውን ትእዛዝ ብቻ አንብቦ ለሞተሩ ያስተላልፋል። ዘዴውን ያመነጨው የጀርመኑ ሌንዝ ኩባንያ ሲሆን የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መስፈርት አድርጎታል፤ በዚህም ምክንያት የአንዱ ፋብሪካ ዲኮደር ከሌላው መቆጣጠሪያ ጋር ይግባባል። አዲስ ዲኮደር ከፋብሪካ ሲወጣ ቁጥሩ 3 ነው፤ ሁለተኛውን ባቡር ከመጫንዎ በፊት የአንዱን ቁጥር ካልቀየሩ ሁለቱም በአንድ ትእዛዝ ይነዳሉ። የሒሳብ ሰው ስለሆኑ ይህን ክፍል የሚወዱት ይመስለኛል፦ የዲኮደሩ ጠባይ ሁሉ ቁጥር በቁጥር በተመዘገበ ሠንጠረዥ ይወሰናል፤ 1ኛው መዝገብ አድራሻውን፣ 3ኛው የመነሻውን ዝግታ፣ 4ኛው የማቆሚያውን ዝግታ ይይዛል። በ3ኛውና በ4ኛው ላይ ከፍ ያለ ቁጥር ካስገቡ፣ ባቡርዎ ከባድ ጭነት እንደያዘ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ቀስ ብሎም ይቆማል።

ለመቆጣጠሪያው ብዙ ገንዘብ አያውጡ። አርዱኢኖ ሜጋ የተባለው፣ ፕሮግራም የሚጫንበት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳና የሞተር መንጃ ሰሌዳው የተማሪዎች የፕሮጀክት ዕቃ ስለሆኑ አዲስ አበባ ይገኛሉ፤ ዲሲሲ-ኢኤክስ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ሲጭኑባቸው ሙሉ ማዕከላዊ መቆጣጠሪያ ይሆናሉ፤ ዋይፋይ ከተጨመረበት ደግሞ ባቡሩን ከስልክዎ መንዳት ይችላሉ። ከዩኒቨርሲቲያችሁ የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተማሪዎች አንዱ ይሠራልዎታል፤ ነገር ግን በሞተር ሰሌዳው ጀርባ ላይ ያለውን፣ የሐዲዱን ኃይል ወደ አርዱኢኖው የሚያሻግረውን መስመር መቁረጡን ሳያረጋግጡ ኃይል አይልቀቁበት። የሚያወጣው ኃይል ከ2 አምፔር አይበልጥም፤ ለሁለት ለሦስት ባቡር በቂ ነው።

ጥራት የሚወሰነው በሽቦው ነው። ከጠረጴዛው ሥር ለቤት ዝርጋታ የምንጠቀምበትን ባለ 2.5 ሽቦ በሁለት ቀለም ዋና መስመር አድርገው ይዘርጉ፤ ከእርሱም በየሜትሩ ቀጭን ሽቦ ወደ ሐዲዱ ይውጣ። የሐዲዶች መጋጠሚያ ኃይል ያስተላልፋል ብለው አይተማመኑ። ሲጨርሱ አንድ ብር ሳንቲም በሁለቱ ሐዲዶች ላይ አጋድመው ያስቀምጡ፤ መቆጣጠሪያው ወዲያው ኃይሉን ካቋረጠ ዝርጋታው ደኅና ነው፣ ካላቋረጠ ግን በዚያ ቦታ ሽቦው ሳስቷል ማለት ነው፤ ፈተናውን በየጥጉ ይድገሙት።

መብራት ቢጠፋ ባቡሩ መቆሙ አይጎዳም። የሚጎዳው ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሆነ ስታቢላይዘር ያድርጉ፤ መብራት በጠፋ ጊዜም ማብሪያውን ያጥፉ።

መልስ፦ የአዳማ ነዋሪ

ነፋሳችን የኤሌክትሪክ ተርባይን የሚያሽከረክር ነውና አቧራውን በጠረጴዛው ላይ ከማራገፍ ቀድሞ መከልከል ይሻላል። መስኮቱን በላስቲክ ያሽጉ፤ ጠረጴዛውን ከሞራሌና ከኮምፔንሳቶ ይሥሩት፤ ቺፑድ ውኃ ሲነካው ያብጣል። ሥራ ሲያበቃ ሁሉንም በስስ ጨርቅ ይሸፍኑት፤ ሐዲዱንም በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ይጥረጉት እንጂ በብርጭቆ ወረቀት አይፈትጉት፤ ጭረቱ ቆሻሻ ይይዛል። በዲጂታል ዘዴ ሐዲዱ ሲቆሽሽ ትእዛዙም ይቋረጣል፤ በዲኮደሩ ላይ የምትገጠም፣ ኃይል የምታጠራቅም ካፓሲተር ግን ለጥቂት ቅጽበት ታሻግረዋለች።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባለ 12 ሚሊ ሜትሩን ሐዲድና ዲዝሉን መርጫለሁ፤ ለልጄም ጽፌለታለሁ። አንድ ነገር ይቀረኛል፦ ባቡሩ በጠረጴዛው ጫፍ ዞሮ በመጣበት ሐዲድ እንዲመለስ ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ፣ ሐዋሳ

ይቻላል፤ ነገር ግን ሐዲዱ በራሱ ላይ ዞሮ ሲገናኝ ቀኝ የነበረው ከግራው ጋር ስለሚነካካ አጭር ዙር (ሾርት) ይፈጠራል። ለዚህ ሲባል የቀለበቱን ክፍል በሁለት ጫፉ ከሌላው ነጥለው፣ ባቡሩ ሲገባ አቅጣጫውን በራሱ የሚገለብጥ ሞጁል ያስገቡለታል፤ የተነጠለው ክፍል ከረጅሙ ባቡርዎ ማጠር የለበትም። ሎኮሞቲቭን ለማዞሪያ የሚሠራው ሦስት ማዕዘን ሐዲድም ይህንኑ ይጠይቃል። በእርስዎ ክፍል ግን ቀለበቱ ከስፋቱ አብዛኛውን ስለሚበላብዎት፣ ለጊዜው ሁለቱንም ጫፎች ክፍት ትተው ሎኮሞቲቩ ከፉርጎዎቹ ተፈትቶ በጎን መስመር አልፎ በሌላው ወገን የሚቀጠልበትን ዘዴ ይጠቀሙ፤ ይህ ባቡሩን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያሻግር ሁለት የሐዲድ መቀየሪያ ብቻ ይፈልጋል።