ጂንጃ ላይ ራፍቲንግ፦ ባለቤቴ መዋኘት አይችልም፣ ይዤው ልግባ?

ማክዳ_ከቦሌ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በጥር ከባለቤቴ ጋር ኡጋንዳ ልንሄድ ነው። እስከ እንቴቤ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ብዙም አያደክምም። እኔ የጓጓሁት ለጂንጃ ነው። ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወጣበት ቦታ በጎማ ጀልባ ራፒድ፣ ማለትም አረፋ እየደፈቀ የሚንደረደረውን ውሃ፣ መውረድ እፈልጋለሁ። ከልጅነቴ ውሃ እወዳለሁ፣ ላንጋኖ በሄድኩ ቁጥር ሳልዋኝ አልመለስም። ባለቤቴ ግን መዋኘት አይችልም። ስጠይቀው "አንቺ ካልሽ እሺ" ይለኛል፣ ከዚያ ወሬ ይቀይራል። ወዶ ይሁን ለእኔ ብሎ መለየት አቅቶኛል። መዋኘት የማይችል ሰው ያስገባሉ? አንድ ጀልባ ላይ ብንሆን ይሻላል ወይስ እሱ ዳር ሆኖ ቢጠብቀኝ? ስለ ቢልሃርዚያም ሰምቻለሁ። የሞከራችሁ በዝርዝር ንገሩኝ፣ "አሪፍ ነው" ብቻ እንዳትሉኝ።

ካምፓላ_ነዋሪ፦
እህቴ፣ መዋኘት የማይችል ሰው ያስገባሉ። ግን ቀድሞ ለጋይዱ መናገር አለበት። ብዙ ወንድ ሰው ፊት መናገር አፍሮ ዝም ይላል፣ አደገኛው እሱ ነው።

ስለ ወንዙ ልንገርሽ። ጂንጃ ላይ ዓባይ ሰፊና ጥልቅ ነው፣ ውሃውም አይቀዘቅዝም። አንዱ ራፒድ ሲያልቅ ረጅም የተኛ ውሃ ይከተላል፣ ስለዚህ ጀልባ ቢገለበጥ እንኳ ሰው የሚሰበሰብበት ጊዜም ቦታም አለ። ከጀልባዎቹ ጎን ካያክ የሚባል ጠባብ ትንሽ ጀልባ የሚቀዝፉ ሕይወት አዳኝ ልጆች ይሄዳሉ። የወደቀውን ሰው የካያኩን አፍንጫ አስይዘው ወደ ጀልባው ይመልሱታል። ወንዙ ከሐይቅ ወጥቶ በግድብ በኩል ስለሚለቀቅ ደግሞ እንደኛ ወንዞች ክረምት ሞልቶ በጋ አይጎድልም፣ በጥርም ይወረዳል።

አንድ ነገር ግን፣ የድሮ ቪዲዮ አይታችሁ አትወስኑ። የቡጃጋሊ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ ሲጀምር ታዋቂው የቡጃጋሊ ፏፏቴ ተውጦ ነበር። በ2019 ደግሞ የኢሲምባ ግድብ ሲመረቅ ከታች የነበሩት ራፒዶች በውሃ ተሸፈኑ። አሁን የሚወረደው በሁለቱ ግድቦች መሀል የቀረው ነው። እሱም ቢሆን ቀላል እንዳይመስልሽ። የራፒድ ደረጃ ከ1 እስከ 6 ነው የሚቆጠረው፣ ኢታንዳ የሚባለው 6 ይሰጠዋል። እዚያ ስትደርሱ ከጀልባ ወርዳችሁ ዳር ዳሩን በእግር ታልፋላችሁ፣ ከክፉው ቦታ በታች እንደገና ትገባላችሁ።

ለባለቤትሽ የሚሆን ሌላ አማራጭም አለ። ዕቃና የመጀመሪያ ዕርዳታ የሚጭን ትልቅ ጀልባ አብሮ ይሄዳል። ጋይዱ ብቻውን በሁለት ረጃጅም መቅዘፊያዎች ነው የሚነዳው፣ መንገዱም ቀለል ያለውን መርጦ ነው። ከእናንተ ጀልባ ጀምሮ ካልተመቸው ወደዚያ ይዛወራል። ሲመዘገብ ይጠይቅ።

የሲልቨር_ስፕሪንግ_ሰው፦
እኛ የምንኖረው አሜሪካ ስለሆነ ከባለቤቴ ጋር የጀመርነው ዌስት ቨርጂኒያ ነው፣ ኒው ሪቨር ላይ። ከዲሲ በመኪና አምስት ሰዓት ገደማ ነው። የወንዙ ላይኛው ክፍል ለስለስ ያለ ነው፣ ልጆች ይዘው የሚገቡ ቤተሰቦች ሁሉ አሉ። ታችኛው ግን እስከ ደረጃ 5 ይደርሳል። እኛ መጀመሪያ ላይኛውን ወረድን፣ ወደ ታችኛው የሄድነው ባለቤቴ ራሷ "አሁን እንሞክር" ስትል ነው። ጂንጃም ግማሽ ቀን የሚፈጅ ለዘብ ያለ ጉዞ ስላላቸው ከዚያ ጀምሩ።

አንድ ጀልባ ላይ መሆኑ ጥሩ ነው። ግን ማክዳ፣ እሱን የማዳን ሥራ የአንቺ አይደለም። ቢወድቅ ተከትለሽ እንዳትዘዪ። ባለቤቴ ታችኛው ኒው ላይ ወድቃለች። ከአረፋው መሀል መጀመሪያ ብቅ ያለው ሄልሜቷ ነበር። ልቤ ቀጥ ብላለች፣ ግን ጋይዱ "ተቀመጥ፣ መቅዘፊያህን ዘርጋላት" ብሎ ጮኸብኝና እንዳለኝ አደረግኩ። ስትጠጋን በእጇ ሳይሆን ላይፍ ጃኬቷን ከትከሻዋ ላይ ጨብጠን ነው ወደ ኋላ ተደግፈን የጎተትናት። እጅ ይንሸራተታል፣ ጃኬት አይንሸራተትም።

የመቅዘፊያው ጫፍ ላይ መስቀለኛ እጀታ አለ። አንደኛው እጃችሁ ምንጊዜም እሱን ጨብጦ ይያዝ፣ ማዕበሉ ሲመታችሁ የጎረቤታችሁን ጥርስ የሚያወልቀው እሱ ነው። ጃኬቱን ካሰራችሁ በኋላ አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዞ ወደ ላይ ይጎትት፣ ወደ ጆሮ ከወጣ ልል ነው። ቀለበታችሁን ሆቴል ተዉት፣ እርጥብ ጣት ላይ አይቆይም።

ነርስ_ነኝ፦
ስለ ጤናው እኔ ልበል። ቢልሃርዚያ እዚያ አለ፣ እኛም አገር ጣናና ዝዋይ አካባቢ ያለ በሽታ ነው። ተውሳኩ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል። ቀንድ አውጣው የሚበዛው ሣርና ቄጠማ ባለበት ዳር ዳሩ፣ ውሃው በተኛበት ነው። ስለዚህ ምሳ ስትበሉ ዳር ላይ እግራችሁን ነክራችሁ አትቀመጡ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል። እንደተመለሱ ወዲያው መዋጥ ብዙም አይጠቅምም፣ የሚገድለው ያደገውን ትል ስለሆነ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው የሚታዘዘው። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ዓባይ ውስጥ ገብተን ነበር በሉ፣ ካልነገራችሁት ላያስበው ይችላል።

የቢጫ ወባ ካርድ ኡጋንዳ ለመግባት ግዴታ ነው። የወባ መከላከያም ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፣ ኡጋንዳ ወባ የበዛበት አገር ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ደግሞ ወባን የመቋቋም አቅም የለውም። እርግዝና ካለ ወይም ከተጠረጠረ ራፍቲንጉ ይቅር።

ዝም_አልልም፦
ሁላችሁም ስለ ጃኬትና ስለ መድኃኒት አወራችሁ፣ ጥሩ ነው። እኔ ግን "አንቺ ካልሽ እሺ" የምትለዋ ላይ ነው የቆምኩት። ይህ እሺታ አይደለም። እኔም መዋኘት አልችልም ነበር፣ እጮኛዬ ቅር እንዳይላት ብዬ ብዙ ነገር እሺ ብያለሁ፣ ውሃ ላይ ግን ይሉኝታ አይሠራም። ፈርቶ የገባ ሰው ጋይዱ "ቅዘፉ" ሲል ጀልባውን ሙጥኝ ብሎ ይይዛል፣ ጀልባው ደግሞ የሚቃናው በመቅዘፍ ነው። ሌሎቹም ላይ ጣጣ ያመጣል።

ስለዚህ ወንዙ ዳር ሳይሆን እዚሁ ጠይቂው። ሰው በሌለበት፣ አንቺ ደስ ብሎሽ ቪዲዮ እያሳየሽው ባልሆነበት ሰዓት። "ባትገባ እኔ ምንም አይከፋኝም፣ እኔ ስገባ አንተ ወንዙ ዳር ቆመህ ታየኛለህ" በይው፣ ከልብሽም ይሁን። ከዚያ የሆነ ሆቴል መዋኛ ውሰጂው። ዋና ለማስተማር አይደለም። በጀርባው ተኝቶ፣ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ፊቱ ላይ ውሃ ሲመጣ ትንፋሹን መቆጣጠር ይልመድ። ወንዝ ውስጥ የወደቀ ሰው እንደዚያ ነው የሚሆነው። ለመቆም መሞከር የለበትም፣ እግር ድንጋይ ስር ይያዛል። ጀልባው ከላዩ ከሆነበት ደግሞ እጁን ጀልባው ላይ አድርጎ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እየገፋ ይውጣ። ይህን መዋኛ ውስጥ ሆኖ ከጠላው ወንዙንም አይወደውም። ያኔ አትጎትቺው።

የጊቤ_ልጅ፦
ለምን ሩቅ ትሄዳላችሁ ልል ነበር። ኦሞ ላይ እኮ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1973 በጎማ ጀልባ ወርደዋል፣ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ቱሪስት ይወስዱ ነበር። ግን ጊቤ 3 ከተሠራ ወዲህ የወንዙ ትልቅ ክፍል ሐይቅ ሆኗል። የኦሞ ጉዞ ቀናት የሚፈጅና በረሃ ውስጥ የሚያልፍ ስለሆነ ለጀማሪም አይሆንም ነበር። ጂንጃ ይሻላችኋል።

ማክዳ_ከቦሌ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዝም_አልልም፣ እንዳልከኝ ማታ ጠየቅኩት። ዝም ብሎ ቆየና "መገልበጡን እፈራለሁ፣ ግን ዳር ቆሜ መጠበቁን ደግሞ አልፈልግም" አለኝ። እንደዚህ ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ያቺን ትልቋን ጀልባ ስነግረው ፊቱ በራ። ስለዚህ ግማሽ ቀኑን እንይዛለን፣ እሱ በትልቋ ይጀምራል፣ ከፈለገ ወደ እኛ ይመጣል፣ ካልፈለገም እዚያው። ቅዳሜ መዋኛ እንሄዳለን። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ መነጽር ያደርጋል፣ ያለሱ ሩቅ አይታየውም።

ካምፓላ_ነዋሪ፦
ከጭንቅላት ኋላ የሚታሰር የመነጽር ገመድ ግዙለት፣ ከሄልሜቱ ስር ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር። ትርፍ መነጽር ካለው ሆቴል ይተው። ስልካችሁንም አትያዙ፣ ፎቶ የሚያነሳላችሁ ሰው ይኖራል። ከእንቴቤ ጂንጃ ደግሞ በዚያው ቀን ደርሰን እንገባለን ብላችሁ አታቅዱ። ካምፓላ ጂንጃ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የካምፓላ መንገድ ይዘጋጋል። አንድ ሌሊት ጂንጃ አድራችሁ ጠዋት ግቡ።