የነፍሳት ፎቶ ስንዳኝ በቅድሚያ ምን እንይ?

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ላይ በተማሪዎች የፎቶ ውድድር የነፍሳትን ዘርፍ ከምንዳኘው አንዱ ነኝ። ሁለት ፎቶዎች ላይ መስማማት አቃተን። አንደኛው አደይ አበባ ላይ ልታርፍ ያለች ንብ ናት፤ ፊቷና ዓይኗ ጥርት ብለዋል፣ ክንፏና የኋላ እግሯ ግን ደብዝዘዋል። ሁለተኛው ሣር ላይ የተቀመጠ ፌንጣ ነው፤ ከአንቴናው እስከ ኋላ እግሩ ሁሉ ነገሩ ጥርት ያለ ነው፣ ዓይኑ ላይ ግን ትንሽ ጥቁር ነጥብ አለች። አንዱ ዳኛ ንቧን «ፎከሱ የተበላሸ ነው» ብሎ ሊጥላት ነው። አሸናፊው በኤ3 ወረቀት ይታተማል። በምን ቅደም ተከተል ትመዝናላችሁ?

ከጦሳ ሥር
ወንድሜ፣ በክንፏ ምክንያት እንዳትጥሏት። የንብ ክንፍ በሰከንድ 230 ጊዜ ገደማ ይመታል። ሹተሩ 1/1000 ሰከንድ ቢሆን እንኳ ተከፍቶ እስኪዘጋ ክንፉ የአንድ ሙሉ ምት ሩብ ያህል ይሄዳል፤ መደብዘዙ አይቀርም። በፍላሽ ማስቆም ይቻላል፤ ኃይሉን ወደ 1/32 ዝቅ ሲያደርጉት የብዙ ፍላሾች ብልጭታ ከ1/10,000 ሰከንድ ያጥራል። ግን የደበዘዘ ክንፍ መብረሯን ያሳያልና እኔ ነጥብ አልቀንስበትም።

የኋላ እግሯ ጉዳይ ሌላ ነው። ንቧ ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ላይ በራሷ ትክክለኛ መጠን ስታርፍ፣ ማለትም 1 ለ 1 ሲሆን፣ በፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ባለው) ካሜራ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8 ላይ ሲሆን ጥርት የሚለው ጥልቀት 1 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቀዳዳው ጠቦ ኤፍ 16 ቢደረግ ወደ 2 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ ነገር ግን በዚያ ቅርበት ኤፍ 16 እንደ ኤፍ 32 ስለሚሆን፣ ብርሃኑ በጠባቡ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተንና ፎቶው ከዳር እስከ ዳር ይለሰልሳል። ስለዚህ መመዘን ያለበት ፎቶ አንሺው ያቺን ሚሊሜትር የት ላይ እንዳዋላት ነው። ዓይን ላይ አውሏታል፤ ሥራውን ያወቀ ልጅ ነው። ፎከሱ የደረቷ ፀጉር ላይ አርፎ ዓይኗ ደብዝዞ ቢሆን ጣሏት እል ነበር።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ አሳንሳችሁ እዩት፤ ነፍሳቱ ከጀርባው ተለይቶ ካልወጣ የቀረው ብዙ አያድነውም። ከዚያ 100% አድርጋችሁ ዓይኑን ብቻ እዩ። በፀጉሩና በአንቴናው ዙሪያ ነጭ መስመር ካለ በኤዲት ከልክ በላይ ሻርፕ ተደርጓል። ዓይኑ ሰም የተቀባ መስሎ ከለሰለሰ ደግሞ ኖይዝ (ፎቶው ላይ የሚበተን ጥቃቅን ነጥብ) ሲጠፋ ዝርዝሩም አብሮ ጠፍቷል።

ሐይቅ ዳር
የፌንጣው ጥቁር ነጥብ አቧራ አይደለችም፣ አብሽሩ። ዓይኑ ከብዙ ጥቃቅን ሌንሶች የተሠራ ነው፤ በቀጥታ ወደ ካሜራው የዞሩት ብርሃኑን ውጠው ስለሚያስቀሩት ጠቁረው ይታያሉ። ፎቶ አንሺው ቦታ ሲቀይር ነጥቧም ዓይኑ ላይ ቦታ ትቀይራለች። የሴንሰር አቧራ ግን በሁሉም ፎቶ ላይ ፍሬሙ ውስጥ ያው ቦታ ላይ ነው የሚገኘው። ልጁ ነጥቧን በኤዲት አጥፍቷት ቢሆን ነበር ማርክ የሚቀነሰው።

እኔን የሚያሳስበኝ «ሁሉ ነገሩ ጥርት ያለ» ያልከው ነው። በጎን በኩል፣ ከሴንሰሩ ጋር ትይዩ አድርጎ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ አንስቶት ከሆነ ይሆናል። ካልሆነ ፎከሱን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሰ ያነሳቸውን ብዙ ፎቶዎች አዋህዷል ማለት ነው። ይህም ደንባችሁ ከፈቀደ ጥፋት የለበትም። እግሩ ሆዱን በሚያቋርጥበት ጠርዝ ላይ እዩ፤ ድርብ አንቴና ወይም ጭጋግ የመሰለ ጥላ ካለ ውህደቱ ተበላሽቷል።

ውህደት ደግሞ የማይንቀሳቀስ ነፍሳት ይፈልጋል፤ የሞተና የተቀመጠ እንዳይሆን እግሮቹን ተመልከቱ። ሕያው ፌንጣ ሣሩን በጥፍሩ ይይዛል፤ የሞተው እግሮቹን ወደ ሆዱ ያጥፋል፣ ዓይኑም ይፈዛል። ግን ስለማይንቀሳቀስ ብቻ አትጠርጥሩት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ በመስከረም ጠዋት ብርዱ ነፍሳቱን ያደነዝዛቸዋል፣ ፀሐይ እስክታሞቃቸው ጤዛ ተሸክመው ይቆያሉ። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ስለሆነች ቶሎ ይነቃሉ። የት እና ስንት ሰዓት እንደተነሳ ጠይቁ፣ ሮው ፋይሎቹንም (ካሜራው ያስቀመጣቸውን፣ ኤዲት ያልተነካቸውን) አስመጡ።

የቦርከና ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ። ፌንጣው ክሮፕ ተደርጎ (ዙሪያው ተቆርጦ) 1800 በ1200 ፒክስል ነው የቀረው። ለኤ3 ይሆናል?

ከጦሳ ሥር
ለኤ3 በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 4961 በ3508 ፒክስል ያስፈልጋል። የእናንተው 109 ዲፒአይ አካባቢ ይመጣል፤ ግድግዳ ላይ ከአንድ ሜትር በላይ ርቀው ካዩት ያስኬዳል፣ ቀረብ ሲሉ ይላላል። በፕሮግራም ማሳደግ የሌለ ፀጉር አያበቅልም። ኤ4 ላይ 154 ይሆናልና እሱ ይሻለዋል።

አዝዋ
ማንም ያላነሳው ነገር አለ፦ ንብነቷን አረጋግጣችኋል? አበባ ላይ የሚውሉ ንብ መሳይ ዝንቦች አሉ። ንብ አራት ክንፍና ክርን ያለው ረዘም ያለ አንቴና አላት፤ ዝንቡ ሁለት ክንፍና በጣም አጭር አንቴና ነው ያለው። ስሟ ተሳስቶ የተጻፈ የተፈጥሮ ፎቶ እኔ ዘንድ አንደኛ አይወጣም።

ቢጫውንም እዩልኝ። የአደይ አበባ ቢጫ በቀትር ፀሐይ ሲነሳ ቀዩ ቻናል (የፎቶው የቀይ ብርሃን ክፍል) ቀድሞ ይሞላና የአበባው ቅጠል መስመሮቹን አጥቶ ወጥ ቀለም ይሆናል። ጠቅላላው ሂስቶግራም (የብርሃን መጠኑን የሚያሳየው ግራፍ) ደህና መስሎ ሊታይ ስለሚችል የቀዩን ለብቻው ክፈቱት። መስመሮቹ ካሉና ንብነቷ ከተረጋገጠ የእኔ ድምፅ ለንቧ ነው።