በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃን ለአደን ማስተካከልና የጥይት አካሄድ

ጥያቄ (ከደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ባሩዱና ዓረሩ በአፈሙዙ በኩል በሚገባ ጠመንጃ አጋዘን ለማደን ፈቃድ አውጥቷል። በ25 ሜትር ርቀት ሲሞክረው ጥይቱ ከዒላማው መሐል 6 ሳንቲሜትር ወደ ግራ አረፈበት፤ የማነጣጠሪያውን መነጽር ለ100 ሜትር በሚሆነው ስሌት 8 ጠቅታ ወደ ቀኝ ቢያዞረውም ጥይቱ እምብዛም ፈቀቅ ስላላለ፣ መነጽሩ ተበላሽቷል ብሎ ሊቀይረው ነው። ጓደኞቹ ደግሞ ጥይት ከአፈሙዝ እንደወጣ ሽቅብ ይነሣል ይሉታል። እኔ ነጋዴ ነኝና የምመልስለት አጣሁ።

መልስ (የፊዚክስ መምህር፣ ከኮምቦልቻ)
አብሽር ወንድሜ፣ መነጽሩ ደህና ነው። በብዙዎቹ መነጽሮች አንድ ጠቅታ በ100 ሜትር ላይ ጥይቱን 7 ሚሊሜትር ገደማ ያንቀሳቅሳል፤ በ25 ሜትር ግን የዚያን ሩብ ብቻ፣ ማለትም 2 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ 8ቱ ጠቅታ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ብቻ መልሶታል፤ 25 ጠቅታ ያህል ገና ይቀረዋል።

ሽቅብ መነሣቱን በተመለከተ፣ ጥይት ከአፈሙዝ ከወጣበት ቅጽበት ጀምሮ አፈሙዙ ከሚያመለክተው ቀጥተኛ መስመር በታች ይወድቃል። በሰከንድ 500 ሜትር የሚጓዝ ጥይት ፍጥነቱ ባይቀንስ 100 ሜትርን በ0.2 ሰከንድ ይጨርሳል፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ 20 ሳንቲሜትር ያህል ይወርዳል፤ በ200 ሜትር ደግሞ ጊዜው እጥፍ ሲሆን ውድቀቱ አራት እጥፍ፣ ማለትም 78 ሳንቲሜትር ይሆናል። ሽቅብ የሚነሣ የሚመስለው፣ መነጽሩ ከአፈሙዙ መሐል 4 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥና አፈሙዙ ከዓይን መስመር አንጻር በጥቂቱ ወደ ላይ ስለሚያዘነብል ነው። በ100 ሜትር መሐል እንዲመታ የተስተካከለ ጠመንጃ የዓይንን መስመር መጀመሪያ 20 ሜትር አካባቢ ያቋርጣል፤ በ50 ሜትር ወደ 3 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል፤ በ100 ሜትር ተመልሶ ይገናኛል፤ በ150 ሜትር ከ12 ሳንቲሜትር በላይ፣ በ200 ሜትር ደግሞ ከ35 ሳንቲሜትር በላይ ዝቅ ይላል። የአየሩ ግፊት ጥይቱን ስለሚያዘገየው እውነተኛው ውድቀት ከዚህም ይብሳል። የአጋዘኑ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ስፋቱ 20 ሳንቲሜትር ገደማ ነውና፣ ወንድምህ ከ120 ሜትር በላይ ባይተኩስ እመርጣለሁ፤ እንስሳ አቁስሎ ማጣት ከባድ ጥፋት ነው።

መልስ (ጡረታ የወጣ ወታደር፣ ከወልዲያ)
መምህሩ በሚገባ ገልጸውታል። እኔ የምጨምረው በአንድ ጥይት ፈርዶ መነጽር እንዳይነካ ነው። ሰደፉን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፎ ሦስት ይተኩስ፤ የሦስቱን መሐል ይለካ፤ ከዚያ ያስተካክል፤ በ25 ሜትር ሲሳካለት ወደ 50፣ ቀጥሎም ወደ 100 ይሂድ።

መልስ (የሐይቅ ተወላጅ፣ በአሜሪካ ነዋሪ)
እኔም በዚሁ ዓይነት ጠመንጃ አድናለሁ። እዚህ የሚታደነው አጋዘን፣ እኛ አገር አጋዘን ከምንለው የተለየና ቀንዱን በየዓመቱ የሚጥል ነው። አጎራረሱስ መቅደላ ላይ እንዳለው እንደ ሴባስቶፖል መድፍ ነው፦ ባሩዱ ይቀድማል፣ ዓረሩ ይከተላል። የባሩዱ ጥላሸት በአፈሙዙ ውስጥ ስለሚጋገር፣ በእያንዳንዱ ተኩስ መካከል በእርጥብ ጨርቅ ካልወለወለው ጥይቱ በየጊዜው ሌላ ቦታ ያርፋል። የባሩዱን መጠንና የዓረሩን ዓይነት ሳይለዋውጥ፣ በመስፈሪያ እየለካ ይሙላ፤ ለዘመናዊ ጥይት የሚሆነውን ጭስ አልባ ባሩድ ግን ከቶ እንዳይጨምር፣ አፈሙዙን ሊያፈነዳው ይችላል። ዓረሩ ባሩዱ ላይ ሳይቀመጥ ክፍተት ቢቀርም አደጋው ያው ነው። እኔ በመጠቅጠቂያው ዘንግ ላይ፣ ጠመንጃው በትክክል ሲጎርስ ከአፈሙዙ ጫፍ እኩል የምትሆን ጭረት በቢላዋ አበጅቻለሁ፤ ጭረቷ ከአፈሙዙ በላይ ከታየችኝ ዓረሩ አልወረደምና አልተኩስም።