ክርን ይታጠፋል፣ መዳፍ ግን አይገለበጥም፤ የቱ ክፍል ነው የተያዘው?

ፊዚዮ_ሐዋሳ፦
ሰላም ለቤቱ። ሐዋሳ የፊዚዮቴራፒ ልምምድ ላይ ነኝ። አንድ የ9 ዓመት ልጅ ከአቮካዶ ዛፍ ወድቆ ወጌሻ በቀርከሃ አስሮለት ነበር፤ ከተፈታ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ራጅ አልተነሣም። ክርኑ በደንብ ይዘረጋል፣ ሲታጠፍ መጨረሻው ላይ ትንሽ ይቀረዋል። መዳፉን ወደ ላይ ሲገለብጥ ግን መንገድ ላይ ይቆምበታል። ቤተሰቡ «ታሽቶ ይፍታታ» ይላሉ። ክርኑ ደህና ሆኖ መዳፍ የማይገለበጠው ምኑ ሲያዝ ነው? ከየት ልጀምር?

አዳማ_ክንድ፦
«ክርኑ ደህና ነው» ለማለት አትቸኩል። ክርን አንድ ይምሰል እንጂ በአንድ ከረጢት ውስጥ ሦስት መገጣጠሚያ ነው፦ ሁመረስ (የላይኛው ክንድ አጥንት) ከአልና (በትንሿ ጣት በኩል ያለው የታችኛው ክንድ አጥንት)፣ ሁመረስ ከራዲየስ (በአውራ ጣት በኩል ያለው)፣ የራዲየስ አናት ከአልና ጎን። የመታጠፍና የመዘርጋት ዋናው ሸክም የመጀመሪያው ላይ ነው። መገልበጡ የሦስተኛው ሥራ ሲሆን የእጅ አንጓ አጠገብ ያለው የታችኛው የራዲየስና የአልና መገጣጠሚያ አብሮት ካልዞረ አይሆንም።

አልና ከሞላ ጎደል ቆሞ ራዲየስ ነው የሚዞረው። መዳፍ ወደ ላይ ሲሆን ሁለቱ ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ ወደ ታች ሲሆን ራዲየስ አልናን ይሻገራል። ለመሻገር ቦታ የሚሰጠው የራዲየስ ግንድ ጉብጠት ነው። ጉብጠቱ ጠፍቶ ወይም ተጣምሞ ከገጠመ መዞሩ ይቀንሳል። በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ሽፋን ቢኮማተርም እንዲሁ።

መጀመሪያ በትክክል ለካ። ልጁን አስቀምጠህ ክርኑን 90 ዲግሪ አጥፍና ከጎኑ ጋር አጣብቅ፤ ካላጣበቅክ ትከሻው ያታልልሃል። ስክሪብቶ በጡጫው ይያዝ፤ አውራ ጣት ወደ ጣሪያ ሲያይ ዜሮ ነው። መዳፍ ወደ ላይ ከ80 እስከ 90፣ ወደ ታች ከ70 እስከ 80 ዲግሪ አካባቢ ይጠበቃል፤ ለዕለት ተዕለት ሥራ በየአቅጣጫው 50 ይበቃል። ጤነኛውን እጅ አወዳድር። ከዚያ አንተ ቀስ ብለህ አዙርለት። ራሱ ማዞር አቅቶት በአንተ እጅ ሙሉ ከዞረ ነገሩ ጡንቻ ወይም ነርቭ ነው፤ በአንተም እጅ ድንጋይ እንደነካ ድርቅ ብሎ ከቆመ አጥንት ነው።

ኦርቶ_ሐይቅ_ዳር፦
እኔ የምፈራው ሞንቴጂያ ነው፤ የአልና ስብራት ከራዲየስ አናት ውልቃት ጋር። ጣሊያናዊው ሐኪም ሞንቴጂያ በ1814 እ.ኤ.አ. ገልጾታል፤ ዛሬም በልጆች ላይ ይታለፋል። ምክንያቱም አልና ትንሽ ብቻ ጎብጦ ሊሆን ይችላል፤ ስብራቱ ሲገጥም ሕመሙ ይጠፋል፣ የወለቀው አናት ግን እዚያው ይቀራል። አናቱን እንደ ቀለበት ዙሪያውን ይዞት የነበረው አኑላር ሊጋመንት የተባለ ጅማት አንዴ ከለቀቀው በማሰር አይመለስም። ወደ ፊት የወለቀ አናት ደግሞ የመታጠፍን መጨረሻ ያግዳል፤ አንተ «ትንሽ ይቀረዋል» ያልከው ለዚህ ነው ያሳሰበኝ።

በጣትህ አረጋግጥ። በክርኑ የውጭ ጎን ያለውን ጉብታ ፈልግ፤ ከእሱ ትንሽ ወደ ታች አውራ ጣትህን አሳርፈህ በሌላው እጅህ መዳፉን አገላብጥ። ጤነኛ ከሆነ አናቱ ከጣትህ ሥር ሲሽከረከር ይሰማሃል። እዚያ ባዶ ሆኖ ክርን እጥፋቱ ላይ ጠንካራ እብጠት ካገኘህ ወልቋል።

ራጁ ክርንንም አንጓንም በሙሉ ያካተተ፣ ከፊትና ከጎን ይሁን። ክርኑ በትክክል ከጎኑ ካልተነሣ አስደግም። በራዲየስ አንገትና አናት መሐል መስመር አስምር፤ በየትኛውም ራጅ ካፒቴለም (ራዲየስ የሚገጥምበት ክብ የሁመረስ ጫፍ) መሐል መግባት አለበት። አንዱ ላይ እንኳ ከሳተ ወልቋል። የአልናን የኋላ ጠርዝም በማስመሪያ እይ፤ በጎን ራጅ ቀጥ ያለ መሆን አለበት፤ ትንሽ ቢጎብጥም ንቀህ አትለፈው።

ፊዚዮ_ሐዋሳ፦
ዳሰስኩት፤ እጥፋቱ ላይ ጠንካራ ነገር አለ፣ መዳፉ ሲዞር አብሮ ይዞራል። ነርቩንስ እንዴት ልፈትሽ?

አዳማ_ነርቭ፦
በራዲየስ አንገት ዙሪያ ተጠምዝዞ ሱፒኔተር ጡንቻን (መዳፍን ወደ ላይ የሚገለብጠውን) ሰንጥቆ የሚያልፈው የራዲያል ነርቭ ጥልቅ ቅርንጫፍ ነው፤ አናቱ ሲወልቅ ይወጠራል። ቆዳ ላይ ስለማይደርስ በመንካት አታገኘውም። አውራ ጣቱን ወደ ኋላ ያንሣ፣ ጣቶቹን ከሥራቸው ይዘርጋ። አንጓው ሲነሣ ወደ አውራ ጣት በኩል ካዘነበለም ምልክት ነው።

ከላይ ክርን ታጥፎ ይለካ ለተባለው አንድ ጭማሪ፦ ክርን ታጥፎ መዳፍ ወደ ላይ መገልበጡ ሱፒኔተር እየሠራ ነው አያሰኝም። ባይሴፕስ (የላይኛው ክንድ የፊት ጡንቻ) ራዲየስ ላይ ስለሚያርፍ በታጠፈ ክርን ከእሱ የበለጠ ይገለብጣል። ሱፒኔተርን ለብቻው ማየት ከፈለግክ ክርኑን ዘርግተህ ፈትን።

ጠብቆ የታሰረ ክንድ ስለሆነ ጣቶቹንም እይ። አንጓው ሲታጠፍ ተከፍተው ሲዘረጋ የሚጨማደዱ ከሆነ የውስጠኛው ጡንቻ ደም አጥቶ ተኮማትሯል ማለት ነው።

ኦርቶ_ሐይቅ_ዳር፦
ማሸቱን ለቤተሰቡ በግልጽ ከልክል። የተጎዳ ክርን በኃይል ሲታሽ ጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊበቅል ይችላል፤ የወለቀውም በማሸት አይገባም። አሠራሩ አብዛኛውን ጊዜ አልናን ቆርጦ ማቃናትና አናቱን መመለስ ነው፤ በቆየ ቁጥር አናቱ ቅርጹን ይቀይራል፣ መመለሱም ይከብዳል። ዛሬውኑ ወደ አጥንት ሐኪም ላከው። ወረቀቱ ላይ የወደቀበትን ቀን፣ የታሰረበትን ጊዜ፣ የሁለቱንም እጅ ዲግሪ፣ የአውራ ጣቱን ፍተሻ ጻፍ፤ «የክርን ሕመም» ብለህ ብቻ ከላክኸው ተራ ያስጠብቁታል።